ነጭ ራስና ጥቁር ራስ፦ የመንጋ ጠባቂ ውሻን የመምረጥ ታሪክ



በዚህ የሕዝብ ንግግር መድረክ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነቶችና ስለ ውሎች ብዙ ተብሏል። የእኔ ርእስ ግን ሁለት ውሾች ናቸው። ሁለቱም የበቀሉት በአናቶሊያ ደጋ፣ በዛሬዋ ቱርክ ነው። አንደኛው ካንጋል ይባላል፤ ገላው እንደ ደረቀ ሣር የነጣ ቡኒ፣ ፊቱና ጆሮው ጥቁር ነው። ሁለተኛው አክባሽ ይባላል፤ ሁለመናው ነጭ ነው። ከአገራቸው ሲወጡ ሁለቱም ብርቅ ናቸው። ሥራቸውም አንድ ነው፦ መንጋ መጠበቅ። መንጋ ከሚነዱ ውሾች ጋር ግን መምታታት የለባቸውም። የሚነዳው ውሻ በጉን አተኩሮ ያያል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፤ የእረኛውንም ፉጨት ይሰማል። የሚጠብቀው ውሻ ከበጎቹ ጋር ይውላል፣ ከበጎቹ ጋር ያድራል፤ ተኩላ ሲመጣም ማንም ሳያዘው በመካከል ይቆማል።

የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አንድ ቤተሰብ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ቢኖርበት በምን ይምረጥ? ይህ የአርቢ ወይም የእንስሳት ሐኪም ጥያቄ እንጂ የታሪክ ሰው ጥያቄ አይደለም የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ቤተሰቡ የሚመርጥባቸው ሁለቱ ስሞች ራሳቸው የታሪክ ውጤቶች ናቸው። የውሻው ቀለም በመጀመሪያ የሥራ መሣሪያ ነበር፤ ቀጥሎ መጠሪያ ሆነ፤ በመጨረሻም የዘር ድንበር ሆነ። ይህን የሦስት ደረጃ ጉዞ ያልተከታተለ ሰው፣ ውሻ ገዛሁ ሲል ወረቀት ገዝቶ ሊመለስ ይችላል። እነዚህ እንስሳት ደግሞ ሲያድጉ ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝኑ የሚችሉ ስለሆኑ፣ በተሳሳተ ምርጫ የሚጎዱት የቤቱ ልጆች፣ ጎረቤቶች፣ በጎቹ፣ ከሁሉም በላይ ውሻው ራሱ ነው።

፩. የሮማውያኑ ምክር

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ማርኩስ ቴሬንቲዩስ ቫሮ ስለ ግብርና የሚያወሳውን መጽሐፉን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ዓመት ሲጽፍ ዕድሜው ወደ ሰማንያ ተጠግቶ ነበር። ከአንድ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ በእስፓኝ ጋዴስ የተወለደው ኮሉሜላ በዚሁ ጉዳይ ላይ ሰፊ ሥራ አበረከተ። ሁለቱም ስለ ውሻ ሲጽፉ የሚጀምሩት ከዘር አይደለም፤ ከሥራ ነው። ኮሉሜላ ውሾችን በሦስት ይከፍላቸዋል፦ የግቢ ጠባቂ፣ የመንጋ ጠባቂና አዳኝ። ሦስተኛውን ለገበሬ አይመክርም፤ ገበሬውን ከሥራው ያዘናጋዋልና።

ለዛሬው ርእሳችን ዋናው ነገር ኮሉሜላ ስለ ቀለም የሰጠው ምክንያት ነው። የመንጋው ውሻ ነጭ ይሁን ይላል፤ በማለዳ ወይም በምሽት ግራጫ ብርሃን እረኛው ተኩላ መስሎት የራሱን ውሻ እንዳይመታ። የግቢው ውሻ ግን ጥቁር ይሁን፤ በቀን ሌባው አይቶት ይደነግጣል፣ በሌሊት ደግሞ ከጨለማው ጋር ተመሳስሎ ሳይታይ ይቀርበዋል። ጠባዩንም በተመለከተ መካከለኛነትን ይመርጣል፤ እጅግ የዋህ የሆነው ለሌባው ጅራቱን ይቆላል፣ እጅግ ጨካኝ የሆነው ደግሞ የቤቱን ሰው ሳይቀር ይነክሳል።

እዚህ ላይ ቀለም ምን እንደሆነ አስተውሉ። ኮሉሜላ ነጩን ውሻ ክቡር፣ ጥቁሩን ዝቅተኛ አላደረገም። የአንዱን ወላጅ ከሌላው ወላጅ ለመለየትም አልተጠቀመበትም። ቀለሙ እንደ ዶማ እጀታ ነው፤ ለሚሠራው ሥራ የሚመች መሆን ይኖርበታል፣ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም።

ቫሮ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። አንድ ሀብታም በኡምብሪያ ምድር ሳለ በጎች ገዛ ይለናል። በሽያጩ ውሾቹ ተካተዋል፤ እረኞቹ ግን አልተካተቱም። እረኞቹ መንጋውን ወደ ደቡብ፣ እስከ ሜታፖንቱም ድረስ አድርሰው ሊመለሱ ተስማሙ፤ አድርሰውም ተመለሱ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ውሾቹ ገዢያቸውንና መንጋውን ትተው፣ የብዙ ቀናት መንገድ በራሳቸው ተጉዘው፣ በየሜዳው ያገኙትን እየበሉ ወደ እረኞቹ ተመለሱ። እኛ ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ የቫሮም ገዢ የተማረው ይህንኑ ነው። የውሻውን ሥጋ በገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ ውሻውን ከሥራውና ከሰዎቹ ጋር ያስተሳሰረውን ገመድ ግን በሽያጭ ውል ማዛወር አይቻልም።

፪. በደጋው ላይ

ከሮም ወደ አናቶሊያ ስንሻገር ዘመኑም ሥፍራውም ይርቃል። የዛሬዎቹ ውሾች በቀጥታ ከቫሮ ውሾች ይወለዳሉ ማለቴ አይደለም። የማነጻጽረው የሥራውን ሥርዓት ነው፤ እርሱ ደግሞ እጅግ ይመሳሰላል። የአናቶሊያ እረኞች በበጋ መንጋቸውን ያይላ ወደሚባለው የከፍታ ግጦሽ ያወጣሉ፤ ብርዱ ሲጠና ወደ መንደር ይመለሳሉ። ተኩላው በዚያ ምድር ዛሬም አለ። እረኛው በውሻው አንገት ላይ ሹል የብረት ጥርሶች ያሉት ቀለበት ያስራል፤ ተኩላ ጉሮሮውን ሲይዝ የሚቆስለው ተኩላው እንዲሆን ነው። ቫሮም በዘመኑ በምስማር የተጠናከረ የቆዳ የአንገት ማሰሪያ እንዲደረግ መክሮ ነበር። ቫሮ ለመንጋ ውሻ በወተት የራሰ የገብስ ዳቦ ይሰጥ ይላል፤ የአናቶሊያ እረኛም ውሻውን ያል በሚባል ከገብስ ዱቄት በሚዘጋጅ ቅልቅል ይመግባል። ይህን ግዙፍ እንስሳ ያሳደገው ሥጋ አይደለም፤ ገብስ ነው።

በመንደሩ ቋንቋ ይህ ውሻ ቾባን ኮፔይ ነው፤ የእረኛ ውሻ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ መልኩ ይነገራል። ካራባሽ ማለት ጥቁር ራስ፣ አክባሽ ማለት ነጭ ራስ ነው። የእኛ ገበሬ በሬውን ዳማ፣ ቡሬ ወይም ጉራቻ ብሎ እንደሚጠራው ያለ አጠራር ነው። ቡሬ የሚባል በሬ ያለው ገበሬ የቡሬ ዘር የሚባል ነገር አለኝ አይልም፤ የሚያየውን ይናገራል እንጂ።

ይህን ስል በአካባቢዎች መካከል ልዩነት አልነበረም ማለቴ አይደለም። በማዕከላዊው ምሥራቅ አናቶሊያ፣ ክረምቱ በሚበረታበት በሲቫስ ክፍለ ሀገር፣ በካንጋል ወረዳ ዙሪያ ጥቁር ፊት ያላቸው ውሾች ይበዛሉ፤ መልካቸውም ተመሳሳይ ነው። ከአንካራ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ኤስኪሼሂርና ወደ አፍዮን በሚወስደው ምድር ደግሞ ነጮቹ ይበዛሉ፤ ሰውነታቸውም ቀለል፣ እግራቸው ረዘም ይላል። እረኞች በየአካባቢያቸው የወደዱትን መልክ እያስቀሩ ሌላውን ማስወገዳቸው እውነት ነው። ነገር ግን በአንዱና በሌላው መካከል የተሠራ አጥር አልነበረም። መንጋ ይንቀሳቀሳል፣ ውሻም ይከተላል፤ በመንገድ ላይ የተገናኙ ውሾች የዘር መዝገብ አይጠይቁም። በሁለተኛው ደረጃ እንግዲህ ቀለም መጠሪያ ነው፤ ድንበር ግን ገና አይደለም።

፫. ድንበሩ የተሠመረበት ጊዜ

ድንበሩ የተሠመረው ውሾቹ ከአናቶሊያ ሲወጡ ነው፤ ይህም የሆነው በብዙዎቻችሁ ወላጆች ዕድሜ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ አንዲት እንግሊዛዊት የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ከቱርክ ውሾች ወደ እንግሊዝ ወሰደች፤ በእንግሊዝም የካራባሽ ስም ታወቀ። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ በቱርክ ያገለገለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ሌሎች ውሾች ወደ ካሊፎርኒያ ይዞ ገባ፤ በ1970 የመጀመሪያዎቹ ቡችሎች ሲወለዱ የአናቶሊያ እረኛ ውሻ ክበብ ተቋቋመ። ይህ ክበብ ጥቁር ራሱንም፣ ነጩንም፣ ዝንጉርጉሩንም በአንድ ስም አቀፈ። በ1970ዎቹ ደግሞ በቱርክ የኖሩት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ዴቪድና ጁዲት ኔልሰን በየመንደሩ እየዞሩ ውሾቹን አጠኑ፤ ነጩና ጥቁር ራሱ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። መጀመሪያ አክባሽን፣ በ1980ዎቹም ካንጋልን ወደ አሜሪካ አስገቡ።

ልብ በሉ፤ ከአንድ ደጋ የወጡ ውሾች በሃያ ዓመት ውስጥ ሦስት ስም አገኙ፦ አናቶሊያ፣ አክባሽ፣ ካንጋል። እያንዳንዱ ሰው የያዘው በተዘዋወረበት አካባቢ ያገኛቸውን ጥቂት ውሾች ነበር። ከጥቂቶቹ የተወለዱት ከሌላው ጋር እንዳይደባለቁ መዝገብ ተከፈተላቸው። መዝገቡ ሲከፈት ልዩነት ነበረ፤ መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ ግን ልዩነቱ እየሰፋ ሄደ፤ የመዝገብ ሥራ ይህ ነውና። በማሳቹሴትስ ግዛት በሃምፕሻየር ኮሌጅ ያስተምር የነበረው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሬይመንድ ኮፒንገር ከባለቤቱ ከሎርና ጋር በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በሰፊው ተከራክሮበታል። እንደ እርሱ አባባል፣ ብዙዎቹ የእረኛ ውሻ ዝርያዎች በየሸለቆው ተለይተው የኖሩ ጥንታዊ ነገዶች አይደሉም፤ ከሰፊና ከተያያዘ ሕዝብ መካከል ተቆንጥረው በኋላ ስም የተሰጣቸው ናቸው።

ተቋማቱም እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። በአሜሪካ የተባበረው ኬኔል ክለብ በ1998 ካንጋልንና አክባሽን በየራሳቸው ስም ተቀበለ። ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን ግን በ2018 የአናቶሊያ እረኛ ውሻ ይለው የነበረውን መዝገብ ስሙን ለውጦ የካንጋል እረኛ ውሻ አለው። የአንድ ወረዳ ስም የሰፊው ደጋ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። በዚህ መካከል አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል፦ ትናንት አናቶሊያ ተብሎ የተመዘገበ ውሻ ዛሬ ካንጋል ሲባል፣ በሌሊት ከመንጋው አጠገብ የሚሠራው ሥራ ምን ተለወጠ? ምንም። የተለወጠው ሰው ስለ እርሱ የሚናገረው ነገር ነው።

የታሪክ ተማሪዎች ይህን ሂደት ከሌላ መስክ ታውቁታላችሁ። በየአካባቢው ተለዋዋጭ የነበሩ መጠሪያዎች በቆጠራና በመታወቂያ ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ የማይነቃነቁ ይሆናሉ። ስሙ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ስሙ ከእውነታው ይበልጥ ጥርት ያለ ነው።

፬. ወረቀቱ የማይነግረን ነገር

እንግዲህ ውሻውን መንጋ ጠባቂ የሚያደርገው ምንድን ነው? ስሙ ካልሆነ፣ ቀለሙም ካልሆነ፣ ሦስት የተለያዩ ምስክሮችን ልጥራ።

የመጀመሪያው ቻርልስ ዳርዊን ነው። በ1833 ዛሬ ኡራጓይ በምትባለው አገር ሲጓዝ፣ ከማንኛውም ቤት ርቆ ያለ እረኛ የሚሰማራ ትልቅ የበግ መንጋ በአንድ ወይም በሁለት ውሾች ብቻ ሲጠበቅ አየ። እንዴት እንደሚያሳድጓቸውም ጠየቀ። ቡችላው ገና ትንሽ ሳለ ከእናቱ ይለያል፤ በግ ታጠባዋለች፤ በጋጣው ውስጥ ከሱፍ የተሠራ መኝታ ይዘጋጅለታል፤ ከሌሎች ውሾችም ሆነ ከቤቱ ልጆች ጋር እንዲጫወት አይፈቀድለትም። ዳርዊን አንድ የሚያስቅ ነገርም ይጨምራል። ይህ ውሻ ምግቡን ሊቀበል በየቀኑ ወደ ቤት ሲመጣ ያፈረ ይመስላል፤ የቤቱ ውሾች እየጮኹ ያባርሩታል። መንጋው ዘንድ በደረሰ ቅጽበት ግን ዞሮ ይጮኽባቸዋል፤ አሳዳጆቹም ይሸሻሉ። ድፍረቱ ከበጎቹ ጋር ነው ያለው።

ሁለተኛው ምስክር የናቫሆ ሕዝብ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የሚኖሩ የናቫሆ በግና ፍየል አርቢዎች መንጋቸውን የሚያስጠብቁት የዘር መዝገብ በሌላቸው፣ ተራ በሆኑ ድብልቅ ውሾች ነው። ምሥጢሩ ቡችላውን በጨቅላነቱ ጋጣ ውስጥ ማስገባትና ከእንስሳቱ ጋር ማሳደግ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ምስክር የአሜሪካ መንግሥት ነው። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፌዴራል መሬቶች ላይ አውሬን በመርዝ መግደልን የሚከለክል ትእዛዝ ሰጡ። በግ አርቢዎች ኮዮቴ የሚባለውን የቀበሮ ዘመድ የሚከላከሉበት ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው፤ የእስያና የአውሮፓ መንጋ ጠባቂ ውሾችም የሰው ትኩረት ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ኮፒንገሮች በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከቱርክ፣ ከጣሊያንና ከዩጎዝላቪያ ውሾች አስመጥተው ለአርቢዎች ማከፋፈል ጀመሩ። በአይዳሆ ግዛት ዱቦይስ በሚገኘው የመንግሥት የበግ ምርምር ጣቢያም ተመራማሪዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ አርቢዎችን ጠይቀው ውጤታቸውን በ1988 አሳተሙ። በመንጋ ጥበቃ ስኬት ረገድ በዝርያዎቹ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ልዩነት የታየው በሌላ በኩል ነው፦ አንዳንዱ ዝርያ ሰውን ወይም በጉን ለመጉዳት ከሌላው ይበልጥ ይቀርባል።

ኮፒንገር ጥሩ ጠባቂ ውሻን በሦስት ባሕርያት ይለካዋል፦ መንጋውን የማይጎዳ ታማኝነት፣ ከመንጋው የማይለይ ትኩረት፣ መንጋውን የሚከላከል ጥበቃ። የእነዚህ መሠረት የሚጣለው በግምት እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ያ መስኮት ከተዘጋ በኋላ የተገዛ ቡችላ፣ ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ በጎችን ወገኖቼ ብሎ ላይቀበላቸው ይችላል።

ይህ ማለት ግን ደም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። መንጋ እንዲነዳ ለትውልዶች የተመረጠ ውሻ በጋጣ ስላደገ ብቻ ማሳደዱን አይረሳም። የሰውነት ግዝፈት፣ የፀጉር ድርብነት፣ የማሳደድ ፍላጎት መላላት በዘር ይመጣል። ዘሩ ሜዳውን ይወስናል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ምን እንደሚበቅል የሚወስነው አስተዳደጉ ነው። ካንጋልና አክባሽ ደግሞ በአንድ ሜዳ ላይ የቆሙ ናቸው።

፭. የአንድ ቤተሰብ ምርጫ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በተግባር የሚፈተንበት አጋጣሚ ገጥሞኛል። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ከከተማ ወጣ ባለ መሬት ላይ ሃያ የሚሆኑ ፍየሎችና ጥቂት በጎች ያረባል። ኮዮቴ ግልገሎቹን ወሰደበት። ከሁለት አርቢዎች ቡችላ ቀርቦለታል፤ አንዱ ካንጋል፣ ሌላው አክባሽ። «ጋሼ፣ አንተ የጥንቱን ታውቃለህ፤ የትኛውን ልውሰድ?» ብሎ ጻፈልኝ። ባለቤቱ ደግሞ ከሥር በራሷ እጅ አንድ መስመር ጨምራለች፦ «ልጆቹ ትንንሽ መሆናቸውን አይርሱብን።»

የእርሷ መስመር ከእርሱ ጥያቄ ይልቅ ወደ ኮሉሜላ ይቀርባል። የግቢ ውሻና የመንጋ ውሻ አንድ እንዳልሆኑ ታውቃለችና። ስለዚህ መልሴን የጀመርኩት ከቤተሰቡ ነው። የምትፈልጉት ልጆቹ የሚጫወቱበትን፣ በር ላይ የሚተኛውን ውሻ ከሆነ ሁለቱንም ተዉአቸው አልኳቸው። እነዚህ እንስሳት ሌሊቱን ሲጮኹ ያድራሉ፤ ሥራቸው ነውና። ድንበራችንን እኛ በካርታ እናውቀዋለን፣ እነርሱ ግን ኮዮቴው እስከሚሸሽበት ድረስ ያሰፉታል፤ ጠንካራ አጥር ያስፈልጋቸዋል። ጥራ ሲባሉ አይመጡም፤ ራሳቸው አመዛዝነው እንዲወስኑ ነው የተመረጡት። ሙሉ ሰው የሚሆኑት ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጉ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግልገል ጋር ሲላፉ ግልገል ሊጎዱ ይችላሉ። ሥራ የሌለው መንጋ ጠባቂ ደግሞ ሥራ ይፈጥራል፤ ፖስተኛውን ኮዮቴ፣ የጎረቤቱን ልጅ ሌባ ያደርገዋል።

መንጋውን የሚጠብቅ ከሆነ ግን ስለ ስሙ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ አልኩ። የቡችላው እናትና አባት ዛሬ በግ ወይም ፍየል እየጠበቁ ነው ወይስ ለትርኢት ብቻ ይቀርባሉ? ቡችላው የተወለደው በጋጣ አጠገብ ነው ወይስ በቤት ውስጥ? ዕድሜው ከ16 ሳምንት በታች ነው ወይስ አልፏል? የአንዱ አርቢ መልስ ከሌላው ከተሻለ ምርጫው አለቀ፤ ካንጋልም ይሁን አክባሽ እርሱን ውሰዱ።

የሁለቱም መልስ እኩል ጥሩ ቢሆንስ? ወንድሜ ይህን አልተወም፤ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ነጩን ውሰድ አልኩት። ምክንያቴ የአክባሽ ደም ከካንጋል ይበልጣል የሚል አይደለም። በአካባቢው ጎረቤቶቹ በማለዳ ጠመንጃ ይዘው ኮዮቴ እንደሚጠብቁ ነግሮኛል። በግራጫው ብርሃን ቡኒ ገላ ያለው እንስሳ በፍየሎች መካከል ሲንቀሳቀስ ያየ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ መገመት አይከብድም። ኮሉሜላ ለእረኛው የሰጠው ምክንያት ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ጊዜም በኮሎራዶ ይሠራል። ቀለሙ ከዘር ድንበርነት ወርዶ እንደገና የሥራ መሣሪያ ሲሆን ትርጉም ያገኛል። ሌላ አካባቢ፣ ሌላ ጎረቤት ቢኖረው ኖሮ ይህ ምክንያት ዋጋ አይኖረውም ነበር።

፮. ወደ ራሳችን ስንመለስ

የኢትዮጵያ የታሪክ ክፍል ለአናቶሊያ ውሻ ምን ጊዜ አለው የሚል ጥያቄ ከተነሣ፣ ለዚህ መልስ አለኝ። በአህጉራችን በናሚቢያ፣ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከ1994 ጀምሮ የአናቶሊያ ውሾችን ለአርቢዎች ሲሰጥ ቆይቷል። ዓላማው በጉ እንዲተርፍ ብቻ አይደለም፤ በጉ ከተረፈ ገበሬው አቦሸማኔውን አይገድልም። ውሻው በእረኛና በአውሬ መካከል የሰላም ውል ሆኖ ቆሟል ማለት ይቻላል።

በእኛ አገር ያለው ታሪክ ግን ሌላ ማስጠንቀቂያ ይዟል። በባሌ ተራሮች የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ጅብን ለመከላከል ውሾች ያኖራሉ። ውሾቹ መዝገብ የላቸውም፤ ስማቸውም መልካቸው ነው። ከእነርሱ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ግን በቀይ ቀበሮ ላይ ከባድ እልቂት አድርሷል። በ1991 እና በ1992 በባሌ ብዙ መንጋዎች ሊጠፉ ተቃረቡ፤ በ2003 ደግሞ በሽታው በዌብ ሸለቆ እንደገና ተነሣ። ዛሬ በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ለአካባቢው ውሾች ክትባት መስጠት የጥበቃው ዋና ሥራ ሆኗል።

ይህን የማነሣው አርብቶ አደሩን ለመውቀስ አይደለም፤ ውሻ የሌለው በጋጣ በጅብ ፊት ምን እንደሚሆን እርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። የማነሣው ውሻን መምረጥ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ እንደማይቀር ለማሳየት ነው። ያልተከተበ ውሻ የመረጠ ቤተሰብ ለጎረቤቱም፣ ለተራራው አውሬም መርጦላቸዋል። ከውጭ ብርቅ ዝርያ ለማስመጣት የሚያስብም ሰው ካለ፣ በቅድሚያ የደጃፉን ውሻ ሥራ ቢመረምር መልካም ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረታችን የሚነቅፈው የውሻውን ዘር አይደለም፤ በሰዓቱ አለመገኘቱን ነው። በሰዓቱ መገኘት ደግሞ በወረቀት አይወረስም።

ለተማሪዎቻችን የምተወው የጥናት ሐሳብም ከዚሁ ይመነጫል። የአናቶሊያ ውሾች ታሪክ የተጻፈው መዝጋቢዎች ስለመጡ ነው። የእኛ የደጋና የቆላ እረኞች ውሻቸውን እንዴት እንደሚመርጡ፣ ቡችላውን በስንት ሳምንቱ ከእናቱ እንደሚለዩ፣ የትኛውን እንደሚያስቀሩና የትኛውን እንደሚያስወግዱ የሚያውቁ አዛውንቶች ዛሬ በሕይወት አሉ። ያ እውቀት መዝገብ ከመከፈቱ በፊት ያለው ዓይነት እውቀት ነው፤ ስሙ ገና ሥራውን አልሸፈነውም። አንድ መቅጃ መሣሪያና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ሊሰበስበው ይችላል። ሲሰበስብም አስቀድሞ የዝርያ ስም ይዞ እንዳይሄድ አደራ እላለሁ። ይህ ውሻ ምን ይሠራል ብሎ ይጠይቅ፤ የቀረውን እረኛው ራሱ ይነግረዋል።